ከመዝገብ ውጭ የነበረ ጠባቂ

ይህን ከእኔና ከአንድ ኮምፒዩተር በቀር ያየ የለም፤ ኮምፒዩተሩም አርጅቶ ከሌላ አሮጌ ዕቃ ጋር ተወግዷል። ለባለቤቴ አልነገርኋትም። በየዐቢይ ጾሙ ከንስሐ አባቴ ፊት ስቀርብ ቍጣዬን፣ ሐሜቴን፣ የገደፍሁትን ጾም ሳይቀር እየዘረዘርሁ ይህችን አንዲቱን እዘልላት ነበር። ሰበቡንም ለራሴ አዘጋጅቼ ነበር፦ አባ ስለ ኮምፒዩተር ምን ያውቃሉ? ከየት ጀምሬ አስረዳቸዋለሁ? ይህ ሰበብ ብዙ ዓመት አገለገለኝ። ዛሬ ሳስበው ግን አባ ኮምፒዩተር ማወቅ አያስፈልጋቸውም ነበር። ሐሰት ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ የሰው ስም ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ያ ይበቃ ነበር።

ስለዚህ ይህን ለምታነቡት ለእናንተ እናዘዛለሁ። መስቀል አልያዛችሁም፤ ፊታችሁንም አላይም። ምናልባት የደፈርሁት ለዚህ ይሆናል።

እኔ ጡረተኛ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት የከብትና የፍየል ክትባት ተቀብሎ እያቆየ ለስምጥ ሸለቆ ወረዳዎች በሚያከፋፍል፣ አዳማ ውስጥ በሚገኝ አንድ ጽሕፈት ቤት ነው። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና። የአስተዳደርና የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበርሁ። በእኔ ዘመን በዚያ ግቢ አንዲት ወንበር ያለ ቁጥር አልተቀመጠችም። የተሰበረ መጥረጊያ እንኳ ቃለ ጉባኤ ሳይያዝበት አልተጣለም። ኦዲተሮች ሲመጡ «የአቶ ታደሰ ክፍል ከሆነማ ሻይ ጠጥተን እንሂድ» ይሉ ነበር። ይህን ስሰማ ፊቴን አኮሳትር ነበር እንጂ ውስጤ ደስ ይለው ነበር። አሁንም ሳስታውሰው ደስ ይለዋል። እዚህ ላይ የማነሣውም ጥፋቴ የተፈለፈለው ከዚሁ ከምኮራበት ነገር ስለሆነ ነው፤ ያልተመዘገበ ነገር ማየት አልችልም ነበር።

ሌሊሴ የምትባል ወጣት የማቀዝቀዣ ባለሙያ ነበረችን። ክትባቱ የሚቀመጥበት ቀዝቃዛ ክፍል በእሷ ኃላፊነት ሥር ነበር። ባቱ ከሚገኝ አንድ የአበባ እርሻ የተሻለ ሥራ አግኝታ ስትሰናበት ርክክቡን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ጠረጴዛ አንድ፣ ወንበር ሁለት፣ ኮምፒዩተር ከነመሣሪያው አንድ፤ እያነበብሁ፣ እሷም እያሳየችኝ ጨረስን።

«አቶ ታደሰ፣ አንድ ነገር ቀረ» አለችኝ። «ኮምፒዩተሩ ውስጥ ሁልጊዜ የሚሠራ ነገር አለ። ስለሱ ላስረዳዎት።»

«የንብረት ቁጥር አለው?»

ሣቀች። «ኧረ የለውም! እኔው የሠራሁት ፕሮግራም ነው።»

«የመንግሥት ካልሆነ ርክክብ ውስጥ አይገባም። የግልሽ ከሆነ ይዘሽው ሂጂ።»

«ይዤው ከሄድኩማ...» ብላ ጀመረች። እኔ ግን እስክሪብቶውን ዘረጋሁላት። ፈረመች። «ይሁን፤ የሚያስቸግር ነገር ካለ ይደውሉልኝ» ብላ ጨብጣኝ ሄደች። ክፍሏን ከነኮምፒዩተሩ የራሴ ቢሮ አደረግሁት። ኮምፒዩተሩ በመጠባበቂያ ባትሪ ሌት ተቀን እንደበራ ይኖር ነበር፤ እኔም አላጠፋውም ነበር። ከኮምፒዩተሩ ጀርባ አንድ ቀጭን ሽቦ ወጥቶ በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ይገባ ነበር። በየቀኑ አየው ነበር፤ የኢንተርኔት ይሆናል ብዬ አልፈው ነበር። ቁጥር በሌለው ነገር የማልታገሥ ሰው ያን ሽቦ ስለ ምን ታገሥሁት? አላውቅም። ምናልባት ሽቦ የሆነ ነገር ሁሉ የሌላ ሰው ጉዳይ ስለሚመስለን ይሆናል።

ከግቢው ዘበኞች አንዱ ጋሽ ቃሲም ነበሩ፤ ከአርሲ የመጡ፣ ረጅምና ቀጭን፣ በሰባት ኪስ ኮታቸው ውስጥ አንዲት ትንሽ ባለቁልፍ ስልክ የማትለያቸው ሰው። ጧት ጧት በሩ ላይ «አካም ቡልታን፣ አቶ ታደሰ?» ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ይሉኛል፤ እኔም «ነጋ»፣ ደኅና፣ ብዬ አልፋለሁ። በግቢያችን ማንም ያልጻፈው አንድ ደንብ ነበር፦ በክርስቲያኑ በዓል ሙስሊሙ ይጠብቃል፣ በሙስሊሙ በዓል ክርስቲያኑ ይጠብቃል። ማንም አላዘዘውም፤ ማንም አልጣሰውም። ጋሽ ቃሲም የፋሲካን ተራ ሲረከቡ ባልደረባቸውን «ሂድ ዶሮህን ብላ፤ ለእኔ ሽታውን እንኳ እንዳታመጣብኝ» ይሉት ነበር። እሱም «ለአረፋ ደግሞ ያንተን በግ እኔ አልነካም» ይላቸዋል። እንዲህ እየተሳሳቁ ነበር የሚለያዩት።

ሌላም ነገር ነበራቸው። መብራት በጠፋ ቁጥር ከማንም ቀድመው ጄኔሬተሩ ዘንድ የሚገኙት ጋሽ ቃሲም ነበሩ። ጄኔሬተራችን በእጅ የሚነሣ ነው። «እንዴት አወቁ?» ሲባሉ ስልካቸውን እያሳዩ «ማቀዝቀዣው ይደውልልኛል» ይሉ ነበር። እንሥቅ ነበር። እኔም እሥቅ ነበር። የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥፋቴ ልምጣ።

ጸሎተ ሐሙስ ነበር። ሠራተኛው ለበዓሉ ሊበተን ቸኵሏል፤ ሴቶቹ ገበያ ሊገቡ ቦርሳቸውን አንጠልጥለዋል። እኔ ለዞን የምልከው ሪፖርት ነበረብኝ። ኮምፒዩተሩ ግን እንደ ታመመ ሰው ያቃስታል፤ አንድ ገጽ ለመክፈት ሙቀቱ ሸሚዜን ከጀርባዬ ጋር እስኪያጣብቀው ድረስ ያስጠብቀኛል። በዚያ ሰሞን የጎረቤት መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር በቫይረስ ተቈልፎ ነበርና ወሬው ሁላችንንም አስፈርቶን ነበር። በአንድ ሥልጠና ላይ እንዳስተማሩን ታስክ ማናጀር የሚሉትን፣ በውስጡ እየሠራ ያለውን ፕሮግራም ሁሉ የሚያሳየውን ዝርዝር ከፈትሁ።

ብዙዎቹን አወቅኋቸው፤ የማላውቃቸውም ቢሆኑ ከአጠገባቸው የሠሪው ድርጅት ስም ነበረ። አንዱ ግን ስሙ ሦስት የላቲን ፊደላትና አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ሠሪ የለውም። መግለጫ የለውም። ከዝርዝሩ ሁሉ እጅግ ጥቂቱን ቦታ የያዘ፣ ምንም የማይጠይቅ ነገር ነበር። ልብ በሉ፤ ኮምፒዩተሩን ያደከሙት እኔ ራሴ ከፍቼ ያልዘጋኋቸው ሠንጠረዦችና ሥዕሎች ነበሩ። ዝርዝሩ ላይ ከላይ ተቀምጠው ይታዩኝ ነበር። ዐይኔ ግን እነሱን አልፎ ከታች ባለው እንግዳ ላይ ቆመ። የራሴን ሸክም እያየሁ እንግዳውን ጠረጠርሁ።

ወዲያውስ አልተጫንሁም። እጄን ከመዳፊቱ ላይ አንሥቼ አሰብሁ። ምንድር ነው? መቼ ገባ? ማን አስገባው? ፋይሉ የት እንደተቀመጠ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተሠራ ማየት ይቻል ነበር፤ በሥልጠናው ላይ አሳይተውናል። አላየሁም። የሌሊሴ ንግግርም ትዝ ብሎኝ ነበር። አዎ፣ ትዝ ብሎኝ ነበር፤ ይህን አልሸሽግም። «የሚያስቸግር ነገር ካለ ይደውሉልኝ» ብላኛለች፤ ቁጥሯም በስልኬ ውስጥ ነበረ። ታዲያ የንብረት ኃላፊው፣ ኦዲተር የማይፈራው ሰው፣ «ያን ዕለት አላስጨረስሁሽም፤ ምን ልትይኝ ነበር?» ብሎ ልጁ ከምትሆን ልጅ ይጠይቅ? በዓሉ እስኪያልፍ ልተወው ብዬም አሰብሁ። ከዚያ ግን ያ የድሮ ስሜት መጣብኝ፦ ያልተመዘገበ ነገር በእኔ ክፍል አያድርም።

«ሥራውን አቁም» የሚለውን ተጫንሁ። ኮምፒዩተሩ ያልተቀመጠ ሥራ ሊጠፋ እንደሚችል አስጠነቀቀኝ። ማስጠንቀቂያውን አነበብሁ፤ ደግሜ ተጫንሁ። ስሙ ከዝርዝሩ ጠፋ። ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ሲበራ አብሮ እንዳይነሣም ከጅምሩ ዝርዝር ከለከልሁት። ምንም አልሆነም። መብራቱ አልጠፋም፣ ደወል አልተደወለም። ኮምፒዩተሩም አልፈጠነም። ሪፖርቴን ልኬ፣ በሩን ቈልፌ፣ ጋሽ ቃሲምን «በሉ እንግዲህ፣ ደኅና ዋሉ» ብያቸው ለበዓል ወደ ቤቴ ሄድሁ።

በትንሣኤ ዕለት ቀን ላይ ለቀዝቃዛው ክፍል መብራት የሚሰጠው መስመር ብቻ ተቋረጠ። የዋናው በርና የጥበቃው ቤት መብራት በሌላ መስመር ስለሆነ እንደበራ ነበር። የክፍሉ ቁልፍ ከግምጃ ቤቷ ኃላፊ ጋር ነው። ለጋሽ ቃሲም መቋረጡን የሚነግራቸው አንድ ነገር ብቻ ነበረ፤ እሱንም እኔ ሐሙስ ዕለት አስቁሜዋለሁ። በዓሉ አልፎ ክፍሉ ሲከፈት ከውስጥ የወጣው አየር ከውጭው የአዳማ አየር ጋር አንድ ነበር። ክትባቱ በሙሉ በጉድጓድ ተቀበረ።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው እኔ ሆንሁ። እስከዚህ ድረስ፣ በእግዚአብሔር ስም እላችኋለሁ፣ ሐሙስ ያደረግሁትን ከዚህ ነገር ጋር አላገናኘሁትም ነበር። ጋሽ ቃሲም ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ፊታችን ቆሙ።

«ስልኬ አልጮኸም» አሉ። «እሱ ሲሞቀው ይነግረኛል፤ እኔ እሄዳለሁ። ያን ቀን አልነገረኝም።»

«እሱ ማነው?» አለች የግምጃ ቤቷ ኃላፊ።

«ማቀዝቀዣው።»

«እሰይ! ስልክዎ ላይ ማን ብለው መዘገቡት ታዲያ? አቶ ማቀዝቀዣው?»

ኮሚቴው ሣቀ። ጋሽ ቃሲም አልሣቁም። «ስም የለውም። ቁጥር ነው» አሉ። «ሲጮህ ድምፁን አውቀዋለሁ። ማንበብ እኔ አልችልም፤ ስልኩ ሲሞላ ልጄ ታጠፋልኛለች።»

«እንቅልፍ ወስዶዎት እንዳይሆን፣ ጋሽ ቃሲም? ፋሲካ እኮ የእርስዎ በዓል አይደለም፤ ምን ያስነቃዎታል?» አለች እሷው።

«ወላሂ አልተኛሁም። ግቢውን ስዞር ነው የዋልኩት። የሰው በዓል ሲሆን የበለጠ ነው የምነቃው፤ አደራ ነዋ።»

ይህን ሲሉ እኔን ነበር የሚያዩት። ሌሎቹ እያሾፉባቸው ሳለ ከእኔ ፍርድ እንደሚያገኙ ያመኑ ይመስሉ ነበር። በዚያች ቅጽበት ቀጭኑ ሽቦ በዐይነ ኅሊናዬ መጣ። ከኮምፒዩተሩ ወጥቶ በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል የሚገባው ሽቦ። ምሳ ሰዓት ነው ብዬ ስብሰባውን በተንሁ።

ብቻዬን ክፍሌ ገብቼ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጥሁ። የከለከልሁትን ፕሮግራም ከተቀመጠበት ፈልጌ አገኘሁት። በእጄ እንደገና አስነሣሁት። አንዲት ትንሽ ጥቁር መስኮት ብልጭ ብላ ጠፋች፤ ያ ባለ ሦስት ፊደል ስም በዝርዝሩ ግርጌ በቦታው ቁጭ አለ። ጠበቅሁ። ቀዝቃዛው ክፍል ባዶ ነበር፤ በሩም ለጽዳት ተከፍቶ ነበር፤ ሙቀቱ ከልኩ በላይ ነው።

ከመስኮቴ ውጭ፣ ጋሽ ቃሲም ከተቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ስልክ ጮኸ።

የተሰማኝን እንዴት ልንገራችሁ? ፍርሃት ብለው ይጎድላል። ሞቷል ብለው የቀበሩትን ሰው በስሙ ሲጠሩት «አቤት» ያለ ያህል ነበር። ያስቆምሁት እኔ፣ የረሳሁት እኔ፤ እሱ ግን ሲነሣ የት ነበርሁ አላለም፣ ለምን አላለም። በተነሣባት ደቂቃ ወደ ክፍሉ ዞሮ ሙቀቱን ጠየቀ፤ ከዚያም ዘበኛውን ጠራ። ዓመታት ሙሉ ከወንበሬ ሥር እንዲህ ሲያደርግ ኖሯል። እኔ የግቢውን ወንበር ስቈጥር እሱ በየደቂቃው፣ ሁሉም ሰው በተኛበት ሰዓት ሳይቀር፣ ያን ክፍል «እንዴት ነህ?» ሲለው ኖሯል። በሰው እጅ የተሠራ ነገር እንዲህ ሊታመን ይችላል? ልንበረከክ ምንም አልቀረኝም ነበር።

አልተንበረከክሁም። ጋሽ ቃሲም እየሮጡ ወደ መስኮቴ መጡ።

«አቶ ታደሰ! አቶ ታደሰ! ደወለ! ይኸው፣ ያንብቡት!» ስልኩን በመስኮቱ ብረት መሀል አሾለኩልኝ። ፊታቸው በርቶ ነበር፤ የጠፋ ልጁን ያገኘ ሰው ፊት ነበር። መልእክቱ ላይ «ክፍሉ ሞቋል። ጄኔሬተር ያስነሡ» ይላል።

በዚያች ደቂቃ እውነቱ ከእኔ አንድ ቃል ብቻ ይፈልግ ነበር። «እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ክትባቱን አሰብሁ፣ ዞንን አሰብሁ፣ «የአቶ ታደሰ ክፍል» የሚለውን ስም አሰብሁ። ከዚያም እኔ፣ ታደሰ፣ በገዛ አፌ እንዲህ አልሁ፦

«ጋሽ ቃሲም፣ ይህ እኮ የበዓሉ ዕለት የመጣ መልእክት ነው። ሳይነበብ ስለቀረ ነው ስልኩ ደግሞ የጮኸው። ያኔ ደውሎልዎት ነበር ማለት ነው።»

«ያኔ?» አሉ። «ያኔ ጮኾ ነበር?»

«አዎ።»

«እኔ አልሰማሁትም?»

መልስ አልሰጠሁም። ዝምታዬ ከሐሰቴ የከፋ ሐሰት ነበር። በፊታቸው ላይ የነበረው ብርሃን ሲጠፋ አየሁት፤ መብራት ሲጠፋ እንደሚታየው በአንድ ጊዜ አልነበረም፤ ቀስ እያለ ነበር። «እርስዎ ካሉማ ነው» አሉ። መልእክቱን አጥፍቼ ስልኩን መለስሁላቸው። አመሰገኑኝ። ዘወር ሲሉም ወደ ኮምፒዩተሩ ተመልሼ ያን ታማኝ ነገር ለሁለተኛ ጊዜ አስቆምሁት፤ ፋይሉንም አጠፋሁት። ማስጠንቀቂያው እንደገና መጣ። እንደገና ተጫንሁ።

የመጀመሪያውን ባለማወቅ ነው ብትሉልኝ አልከራከርም። ሁለተኛውን ግን ምን ትሉታላችሁ? እኔ የምለው የለኝም።

ከምሳ በኋላ ጋሽ ቃሲም ሳይጠየቁ ተነሡ። «ደውሎ ነበር አሉ» ብለው ለኮሚቴው ተናገሩ። «አልሰማሁም። እንቅልፍ ወስዶኝ ይሆናል።» እኔም በጥሩ አማርኛዬ «ጥፋቱን በራሱ አንደበት አምኗል» ብዬ ጻፍሁ። ጽሑፉ አንድ ስርዝ ድልዝ አልነበረበትም። ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት እንዳይሄድ፣ በስንብት ብቻ እንዲያልቅ የተከራከርሁትም እኔ ነኝ፤ ሰዎችም ደግ አሉኝ። ጋሽ ቃሲም ሲሰናበቱ ትከሻዬን ስመው «አላህ ይስጥዎት፤ ከእስር አዳኑኝ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በበዓል ቀን ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ዘበኛ አብረው እንዲያድሩ ትእዛዝ ወጣ። ያ ማንም ያልጻፈው ደንብ በዚያው ቀረ። እሱንም ያፈረስሁት እኔ ነኝ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ጋሽ ቃሲም ቡልቡላ ከልጃቸው ዘንድ እንዳሉ ሰማሁ። ልሂድና ልንገራቸው ብዬ ተነሣሁ። መንገዱ በባቱ ያልፋል፤ በዚያው ለሌሊሴ ደወልሁላት። ያን ቁጥር ለመደወል ይህን ያህል ዓመት ፈጀብኝ። መናኸሪያው አጠገብ፣ ጋሪና ባጃጅ በሚተላለፍበት ዳር፣ ቁጭ ብለን ስለ ፕሮግራሟ ጠየቅኋት።

«ኧረ እሱን ያስታውሳሉ?» ብላ ተደነቀች። «ለጋሽ ቃሲም ብዬ እኮ ነው የሠራሁት። ሞተሩ መሥራቱን ለማወቅ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ያድሩ ነበር። አንድ ቀን ጧት ስገባ ጆሯቸው የግድግዳውን ቀለም ይዞ አየሁት፤ ነጭ ሆኗል! አሳዘኑኝ። ጆሯቸውን ላሳርፍላቸው ብዬ ነው።»

ዐይኔን ወደሚያልፉት ጋሪዎች መለስሁ።

«ምንም አይበላም፣ አይደክምም» አለች። «እስኪያስቆሙት ድረስ ይሠራል። አሁንም አለ?»

«ኮምፒዩተሩ አርጅቶ ተወገደ» አልኋት። እውነት ነው፤ ሐሰትም ነው። ለእሷም ሳልናዘዝ ተለየኋት። ወደ ቡልቡላ በሚወስደኝ መኪና ውስጥ ሐይቁን በመስኮት እያየሁ ያ የተለቀለቀ ጆሮ ከፊቴ አልጠፋ አለ። እኔ ሰው አልባ ፕሮግራም ያስቆምሁ መስሎኝ ነበር። ለካ አንዲት ልጅ ለአንድ ሽማግሌ ያላትን ርኅራኄ ነው፣ ሌት ተቀን ሲተነፍስ የኖረውን፣ በአንድ ጣት ያስቆምሁት።

ጋሽ ቃሲም በደስታ ተቀበሉኝ። ለጎረቤቶቻቸው «ከእስር ያዳኑኝ ሰው እሳቸው ናቸው» እያሉ አስተዋወቁኝ። ልጃቸው ዘይነባ ውሃ አቀረበችልኝ። ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀርቶት ነበርና ከጎረቤቶቹ አንዱ «እስኪ እርስዎ ይንገሯቸው፤ ለሱሁር፣ ለጾሙ የሌሊት ምግብ፣ መንደሩን ይቀስቅሱልን ብንላቸው እምቢ አሉ። እሳቸውን የሚያህል የጥበቃ ሰው ከየት እናምጣ?» አለኝ።

ዘይነባ ከጓዳ ሆና «በየዓመቱ ነው እምቢ የሚሉት» አለች። «በሌሊት ደግሞ አይተኙም። ቁጭ ብለው ነው የሚያድሩት።»

ጋሽ ቃሲም እጃቸውን አወዛወዙ። «ተዉኝ» አሉ። «የመንደር ጾም በእኔ እጅ አይደረግም። እኔ እንቅልፌ ከባድ ነው፤ ቢጮህም አልሰማም። አቶ ታደሰ ያውቃሉ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አሁንም አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለገው። ይዤው የመጣሁት ቃል ነበር። አላወጣሁትም። የቀረበልኝን ውሃ ጠጥቼ፣ ተመርቄ፣ ወደ አዳማ ተመለስሁ።

ሥራ የነጠቅኋቸው ይመስለኝ ነበር። ከዚያ የበለጠ ነው የነጠቅሁት። አንድ ሰው በገዛ ንቃቱ እንዳይታመን አድርጌያለሁ፤ ነቅተው የሚያድሩ ሰው የተኙ መስሏቸው ይኖራሉ። ይህን የሚመልስ የይቅርታ ዐይነት አላውቅም፤ ስለዚህም ከእናንተ ከአንባቢዎች ይቅርታ አልለምንም፤ ይቅርታውን መስጠት የእናንተ አይደለምና። ለቀድሞው መሥሪያ ቤቴ ቃሌን በፊርማዬ ጽፌ ሰጥቻለሁ። ይህን ጽሑፍ ደግሞ ለዘይነባ እልከዋለሁ፤ ጎረቤቶቹ በተሰበሰቡበት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንድታነብላቸው።

ዘይነባ፣ እዚህ ስትደርሺ ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው።

ጋሽ ቃሲም፣ በትንሣኤው ዕለት ስልክዎ አልጮኸም። እንዳይጮህ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ጮኾ ነበር ብዬ የዋሸሁዎትም እኔ ነኝ። እርስዎ ያን ቀን ነቅተው ነበር። ረመዳን ሲገባ መንደሩን ይቀስቅሱ።